አንድ ሕንፃ፣ ሁለት ኔትወርክ፦ የደሴ ፒያሳ የሥራ ማስታወሻ

ሥራው የመጣው «ዋይፋዩን አስተካክልልን» ተብሎ ነው። ሕንፃው ደሴ ፒያሳ አካባቢ ነው። ምድር ላይ የጽሕፈት መሣሪያና የፎቶ ኮፒ ሱቅ አለ። አንደኛ ፎቅ የሒሳብ ቢሮ ነው፤ የነጋዴዎችን መዝገብ ይሠራሉ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ የባለቤቱ ቤተሰብ ይኖራል። ባለቤቱን ሰፈሩ ሁሉ ሐጂ ይላቸዋል። ቢሮውን የምትመራው ልጃቸው ናት።

ማስታወሻውን የምጽፈው ለራሴ ብቻ አይደለም። ሞደም፣ ራውተር፣ ስዊች፣ አክሰስ ፖይንት፣ ሪፒተር በሚባሉት ዕቃዎች መካከል ያለው ልዩነት ስላልተነገረው ብቻ ገንዘቡን ያለ ቦታው የሚያወጣ ሰው ብዙ ነው። ይህ ሕንፃ ደግሞ ሁሉንም በአንድ ጣሪያ ሥር ይዟል። ቤትም፣ ቢሮም፣ ሱቅም ነው።

ሰኞ

ከግዢ በፊት ያለውን ማየት ይቀድማል። ረዳቴን ይዤ ከምድር እስከ ላይ እያንዳንዱን ሣጥን ፈለግን። ኬብሎቹንም ከየት ተነስተው የት እንደሚደርሱ ተከተልን።

ፋይበሩ የሚገባው ሱቁ ውስጥ ነው። ከትልቁ ፎቶ ኮፒ ማሽን ጀርባ፣ መሬት ላይ፣ አንድ ነጭ ሣጥን ተቀምጧል። ይህ አንድ ሣጥን አራት ሥራ ይሠራል። መጀመሪያ፣ በፋይበሩ የሚመጣውን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ይቀይራል። በዚህ ሥራው ኦኤንቲ ይባላል። ኢንተርኔት በስልክ ሽቦ ሲመጣ በነበረበት ጊዜ ይህን ቦታ ይዞ የነበረው ሞደም ነው። ቀጥሎ፣ ራውተር ነው። የሕንፃውን ኔትወርክ ከውጭው ጋር ያገናኛል፤ ለየስልኩና ለየኮምፒውተሩ የውስጥ አይፒ አድራሻ ያድላል፤ ሁሉም በአንድ የውጭ አድራሻ እንዲወጡ ያደርጋል። ጀርባው ላይ ያሉት የኬብል መሰኪያዎች ደግሞ ትንሽ ስዊች ናቸው። አንቴናው አክሰስ ፖይንት ነው፤ በኬብል ያለውን ኔትወርክ ወደ አየር ይለቃል።

አራቱ በአንድ ሣጥን መምጣታቸው ለአንድ ቤት መልካም ነው። ዋጋው ይቀንሳል፤ ቦታም አይፈጅም። ችግር የሚመጣው ከአራቱ አንዱ ሥራ ሲጎድል ነው። ያኔ ሰው የጎደለውን አንዱን በመሙላት ፈንታ «ጠንካራ ራውተር» ፍለጋ ይወጣል።

እዚህም የሆነው ይኸው ነው። የሐጂ ትንሹ ልጅ አራት አንቴና ያለው ራውተር ገዝቶ መጥቷል፤ ገና ከካርቶኑ አልወጣም። ደረጃው ላይ፣ ከሁለተኛው ፎቅ መግቢያ አጠገብ፣ ሶኬት ላይ የተሰካ ሪፒተር አለ። ቢሮው ውስጥ ከጠረጴዛ ሥር ስምንት መሰኪያ ያለው አሮጌ ሣጥን አገኘን፤ ኮምፒውተሮቹና ፕሪንተሩ የሚገናኙት በሱ ነው። መሳቢያ ውስጥ ደግሞ የድሮው ኤዲኤስኤል ሞደም አለ።

ሐጂ ሞደሙን አንስተው «ልጄ፣ ይህን ላይ ቤት ብንሰካውስ?» አሉኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ኤዲኤስኤል ሞደም የተሠራው በስልክ መዳብ ሽቦ ለሚመጣ ምልክት ነው። ፋይበር የሚቀበልበት መሰኪያ የለውም። ዋይፋዩን ብቻ ለመጠቀም ይቻል ነበር፤ ግን የቆየ ነው፣ የኬብል መሰኪያዎቹም ከ100 ሜጋቢት አያልፉም። «ይተዉት ሐጂ» አልኳቸው።

ቅሬታዎቹን ጻፍኩ። ላይ ቤት ዋይፋይ ይቆራረጣል። ቢሮው ውስጥ ፒችትሪ የተባለው የሒሳብ ፕሮግራም ሲከፈት ይንቀራፈፋል፤ ሁለት ሰው አንድ መዝገብ ላይ ሲሠራ ደግሞ ጭራሽ ይቆማል። ሱቁ ውስጥ ሰነድ በስልክ ልኮ ማሳተም የሚፈልግ ደንበኛ ሁሉ የዋይፋዩን ፓስዎርድ ይጠይቃል፤ ይሰጠዋልም። እኔን ያሳሰበኝ ይህ የመጨረሻው ነው። የነጋዴዎቹ መዝገብ ያለባቸው ኮምፒውተሮች የሚገኙት እዚያው ኔትወርክ ላይ ነውና።

ማክሰኞ

ዛሬ የመለካት ቀን ነው። ላፕቶፔን በኬብል በቀጥታ ነጩ ሣጥን ላይ ሰካሁ። የተከፈለበት 20 ሜጋቢት በሰከንድ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ሊባል በሚችል መጠን ይገባል። ስለዚህ መስመሩ ጤነኛ ነው። ይህን መለኪያ ሳይወስዱ ወደ ኢንተርኔት አቅራቢው መደወል ጊዜ ማባከን ነው። በኬብል ሙሉ ፍጥነት ከመጣ ችግሩ ያለው ከሣጥኑ በዚህ በኩል ነው።

ከዚያ በዋይፋይ እየለካሁ ወደ ላይ ወጣሁ። የምልክት ጥንካሬ የሚጻፈው በኔጌቲቭ ቁጥር ነው። ወደ ዜሮ የቀረበው ይሻላል። ሱቁ ውስጥ 45 ሲቀነስ ነበር፤ ግሩም ነው። ቢሮው ላይ 70 ሲቀነስ ገባ። ላይ ቤት ሳሎን ውስጥ 84 ሲቀነስ። እዚያ ስልኩ ዋይፋይ እንዳለ ያሳያል እንጂ ቪዲዮ አይከፍትም። ለቪዲዮ ጥሪ ቢያንስ 67 ሲቀነስ አካባቢ እፈልጋለሁ።

ምክንያቱ ከእግራችን ሥር ነው። በሱቁና በሳሎኑ መካከል ሁለት ሶሌታ አለ። አርማታ፣ ውስጡም ብረት። ባለ 5 ጊጋኸርዝ ሞገድ ፈጣን ነው፤ ግድግዳ ግን ይይዘዋል። 2.4 ጊጋኸርዝ የተሻለ ዘልቆ ይገባል፤ ፒያሳ ላይ ግን የጎረቤቱ ሁሉ ዋይፋይ የተጨናነቀው እዚያው ነው። በዚህ ሞገድ እርስ በርስ የማይነካኩት ቻናሎች ሦስት ብቻ ናቸው፤ 1፣ 6 እና 11። ሳሎኑ ውስጥ ሆኜ ስቃኝ ሦስቱም ላይ ብዙ ስም ተደርድሯል። አራት አንቴና ያለው ራውተር ሱቁ ውስጥ ቢቀመጥ ይህን አይለውጠውም። ራውተሩ ጮክ ብሎ ቢያስተላልፍ እንኳ የስልኩ አንቴና ትንሽ ነው፤ መልሱን አርማታውን አልፎ ማድረስ አይችልም።

ሪፒተሩስ? ሪፒተር የሚደግመው የሰማውን ነው። የተሰካው ምልክቱ ከደከመበት ቦታ ላይ ነው፤ ስለዚህ የሚደግመውም የደከመውን ነው። ስልኩ ላይ ሙሉ የዋይፋይ ምልክት ይታያል፤ ምክንያቱም ሪፒተሩ ለስልኩ ቅርብ ነው። ከሪፒተሩ ወደ ታች ያለው መንገድ ግን አልተሻሻለም። በዚያ ላይ አንድ ሬዲዮ ብቻ ያለው ሪፒተር በዚያው ቻናል ተቀብሎ በዚያው ቻናል ስለሚልክ አቅሙ በግማሽ ያህል ይወርዳል። ሪፒተር ኬብል መሳብ ጨርሶ በማይቻልበት ቦታ፣ በመንገዱ አጋማሽ ላይ ሲቀመጥ ይረዳል። ደረጃ ባለበት ሕንፃ ውስጥ ግን ኬብል መሳብ ይቻላል።

አሁን ወደ ቢሮው። ብዙ ጊዜ የወሰድኩት እዚህ ነው። ጠረጴዛው ሥር ያለው ሣጥን ስዊች ይመስላል። ፊቱ ላይ ግን ኮሊዥን (የመልእክቶች ግጭት) የሚያሳይ መብራት አለው፤ ይህ መብራት የሀብ ምልክት ነው። ለማረጋገጥ ላፕቶፔን አንዱ መሰኪያ ላይ አስገብቼ በኔትወርክ የሚያልፈውን የሚያሳየውን ፕሮግራም፣ ዋይርሻርክን፣ ከፈትኩ። ሁለት የቢሮው ኮምፒውተሮች እርስ በርስ የሚላላኩት ሁሉ እኔ ጋ ይደርሳል። እኔ የነሱ ተላላኪ አይደለሁም። የሐጂን ልጅ ጠርቼ አሳየኋት። ዝም ብላ አየችውና «ይኸ መዝገብ የሰው ነው» አለች። ትክክል ናት።

ሀብ ማለት ሰኞ ገበያ መሃል ቆሞ ለአንድ ሰው የተላከን መልእክት ለገበያተኛው ሁሉ የሚለፍፍ ሰው ነው፤ ስዊች ደግሞ ሰውየውን ፈልጎ በጆሮው ይነግረዋል። ሥራው እንዲህ ነው። እያንዳንዱ የኔትወርክ ካርድ ማክ የሚባል ባለ 48 ቢት አድራሻ አለው። ስዊች ከየትኛው መሰኪያ የትኛው አድራሻ እንደመጣ እያየ ሰንጠረዥ ይይዛል። ከዚያ መልእክቱን ለሚመለከተው መሰኪያ ብቻ ይሰጣል። ሀብ ሰንጠረዥ የለውም። በአንዱ የገባውን በሁሉም ያስወጣል።

ኢተርኔት፣ ኮምፒውተሮች በኬብል የሚነጋገሩበት ሥርዓት፣ እ.ኤ.አ. በ1973 ዜሮክስ ፓርክ የምርምር ማዕከል ውስጥ ሲጀመር ሁሉም ኮምፒውተር አንድ የጋራ ኬብል ይጠቀም ነበር። ሀብ ያንን የጋራ ኬብል ጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ያስገባ ዕቃ ነው። በአንድ ጊዜ መናገር የሚችለው አንድ ኮምፒውተር ነው። ሁለት ከተናገሩ ይጋጫሉ፤ ሁለቱም ቆመው እንደገና ይሞክራሉ። አንዱ ትልቅ ፋይል ወደ ፕሪንተር ሲልክ ሌላው ፒችትሪ የሚቆምበት ምክንያት ይኸው ነው። ከኢንተርኔቱ ጋር ምንም አይገናኝም። መዝገቡ ያለው እዚያው ክፍል ውስጥ ባለ አንድ ኮምፒውተር ላይ ነው፤ ሌሎቹ በኔትወርክ ይከፍቱታል። ኢንተርኔቱ ወደ 100 ሜጋቢት ቢያድግም ይህ ችግር ንክች አይልም።

ረቡዕ

እቅዱን ወረቀት ላይ ሳልኩ። የጎደሉት ሥራዎች ተለይተዋል። ቢሮው የጎደለው ስዊች ነው። ላይ ቤት የጎደለው አክሰስ ፖይንት ነው። ሕንፃው ደግሞ የጎደለው ቢሮውን ከሌላው የሚለይ አጥር ነው። ራውተር የምንፈልገው ለዚህ ነው፤ ያም ካርቶን ውስጥ አለ።

የሐጂ ትንሹ ልጅ አዲሱ ራውተር ላይ ቤት እንዲሆን ፈልጎ ነበር። አብረን አሰብንበት። ራውተር ሁለት ወገን አለው፤ የውጭና የውስጥ። ከውስጥ ያለ ኮምፒውተር ወደ ውጭ መውጣት ይችላል። ከውጭ ያለ ግን ካልተጋበዘ ወደ ውስጥ አይገባም። አዲሱን ራውተር ላይ ቤት ብናስቀምጠው ቤተሰቡ «ውስጥ» ይሆናል፤ ቢሮው ደግሞ «ውጭ» ይቀራል። ያኔ ላይ ቤት ያለ ማንኛውም ስልክ የቢሮውን ኮምፒውተር ማንኳኳት ይችላል። የተገላቢጦሽ ነው። መጠበቅ ያለበት ቢሮው ስለሆነ ራውተሩ ከቢሮው ፊት መቆም አለበት። ቤትና ሱቅ በነጩ ሣጥን ኔትወርክ ላይ ይቀመጣሉ፤ ቢሮው ከአዲሱ ራውተር ጀርባ ይገባል።

ይህ አሠራር ሁለት ጊዜ አድራሻ መቀየርን ያመጣል። ብዙ ባለሙያ አይወደውም። ከውጭ ሆኖ ወደ ውስጥ ለሚገናኝ ነገር፣ ለምሳሌ ከስልክ ለሚታይ ካሜራ፣ ያስቸግራል። የሐጂ ካሜራ መቅጃ ግን ሱቁ ውስጥ ነው፤ በነጩ ሣጥን ኔትወርክ ላይ ይቆያል። ቢሮው ከውጭ የሚገባበት አገልግሎት የለውም። ስለዚህ እዚህ ቤት ጉዳቱ አይታየኝም፤ ጥቅሙ ግን ትልቅ ነው። ትልቅ መሥሪያ ቤት ቢሆን በማኔጅድ (በሚዋቀር) ስዊችና በቪላን፣ አንዱን ስዊች እንደ ብዙ ኔትወርክ በሚከፍል ዘዴ፣ እንለየው ነበር። ለዚህ ስፋት ያ ብዙ ነው፤ ነገ ሌላ ሰው ሲመጣም ለመረዳት ይከብደዋል።

ከሰዓት ገበያ ወጣን። ለቢሮው 16 መሰኪያ ያለው ጊጋቢት (1000 ሜጋቢት) ስዊች ገዛን። ለምድር ቤት ትንሽ ባለ ፒኦኢ ስዊች፤ ይህ በኔትወርክ ኬብሉ ውስጥ ኤሌክትሪክም ይልካል። ለላይ ቤት ጣሪያ ላይ የሚታሰር አክሰስ ፖይንት።

ስለ ፒኦኢ አንድ ነገር ልበል። ደረጃውን የጠበቀው፣ 802.3ኤኤፍ የሚባለው፣ እስከ 15.4 ዋት ይሰጣል። ከመስጠቱ በፊት ከወዲያ ጫፍ ያለው ዕቃ ኤሌክትሪክ የሚቀበል መሆኑን ይፈትሻል። ገበያ ላይ ግን ፓሲቭ የሚባል፣ ሳይፈትሽ 24 ቮልት ዝም ብሎ የሚለቅም አለ። ሁለቱን ማደባለቅ ዕቃ ያቃጥላል። ካርቶኑን አንብባችሁ ግዙ።

ኬብል ላይ ጠንቃቃ ነኝ። መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም እንደ ሙሉ መዳብ ይሸጣል። ጫፉን በምላጭ ፋቅ አድርጉት። ውስጡ ነጭ ከሆነ አሉሚኒየም ነው። ካርቶኑም ሲያነሱት ይቀላል። አሉሚኒየም ሁለት ሦስት ጊዜ ሲታጠፍ ይሰበራል፤ ለፒኦኢም አይሆንም፤ ይሞቃል። ሙሉ መዳብ የሆነ፣ ካት 6 የሚባል ደረጃ ያለው ኬብል ይዘን ወጣን። ዋጋው ከፍ ይላል። ግድግዳ ውስጥ የሚገባ ነገር ላይ ግን መቆጠብ አልወድም፤ ስዊች በደቂቃ ይቀየራል፣ ኬብል ግን ግድግዳ ያስፈርሳል።

ሐሙስ

ኬብል መሳብ። ቱቦውን በደረጃው ጥግ አወጣነው። በውጭ ግድግዳ ማውጣቱ ይቀል ነበር፤ እኔ ግን አልፈቀድኩም። የደሴ ክረምት መብረቁ ብርቱ ነው። በውጭ የተዘረጋ መዳብ በአቅራቢያው መብረቅ ሲወድቅ የሚፈጠረውን ኃይል ተቀብሎ ሁለቱም ጫፍ ላይ ያለውን ዕቃ ያቃጥላል። ከኤሌክትሪክ መስመሩም ራቅ አደረግነው፤ መሻገር ግድ ሲሆን በመስቀለኛ አሻገርነው እንጂ ጎን ለጎን አላስኬድነውም።

ርቀቱ አያሰጋም። ኢተርኔት በመዳብ ኬብል እስከ 100 ሜትር ይሄዳል። እኛ ከዚያ በጣም በታች ነን።

ቢሮው ግድግዳ ውስጥ የቆየ ኬብል ነበር። ከካት 6 በፊት የነበረው ካት 5ኢ ነው፣ መዳቡም ንጹሕ ነው። እናቆየው ብዬ ስዊቹ ላይ ስሰካው መብራቱ 100 ሜጋቢት እንጂ ጊጋቢት አላሳየም። ቴስተር ስናደርግበት ከኬብሉ ስምንት ክሮች 1፣ 2፣ 3 እና 6 ይበራሉ። 4፣ 5፣ 7 እና 8 አይበሩም። የግድግዳውን መሰኪያ ስንፈታው ነገሩ ታየ። ቀድሞ የሠራው ሰው ከስምንቱ ክር አራቱን ለኔትወርክ፣ ሁለቱን ለስልክ አድርጓቸዋል፤ የቀሩት ሁለቱ ተቆርጠው ቀርተዋል። በጊዜው ይሠራ ነበር፤ 100 ሜጋቢት አራት ክር ብቻ ነው የሚፈልገው። ጊጋቢት ግን ስምንቱንም ይፈልጋል። የስልኩ መስመር አሁን አገልግሎት አይሰጥም። ስምንቱንም መልሰን አሰርናቸው፤ ጊጋቢት መጣ። ፍጥነቱ 100 ላይ የቆመ ሰው ስዊቹን ከመጠርጠሩ በፊት እነዚያን አራት ክሮች ይመልከት።

የቀለሙን ቅደም ተከተል ረዳቴ በቃሉ ይዞታል። ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። እጁም ጥሩ ነው። ኮኔክተሩ ውስጥ ከመግባቱ በፊት የተጠማዘዘውን ክር ከ13 ሚሊ ሜትር በላይ አይፈታም። ጥንዶቹ የተጠማዘዙት በምክንያት ነው፤ ጣልቃ የሚገባ ምልክትን የሚያጣፉት በዚያ መጠማዘዝ ነው።

የቤቱ እመቤት ከላይ ቡና ልከውልን ደረጃው ላይ ቁጭ ብለን ጠጣን። «አብሽሩ» አሉን፤ ብርታት ሰጠን።

ዓርብ

ከጁምዓ በፊት ማዋቀሩን ለመጨረስ በጠዋት ገባን።

ነጩ ሣጥን 192.168.1 በሚል የሚጀምር አድራሻ ያድላል። አዲሱ ራውተርም ከፋብሪካ ሲወጣ ይህንኑ ያድላል። በሁለቱም ወገን ያለው ቁጥር ተመሳሳይ ከሆነ ራውተሩ የትኛው ወገን የትኛው እንደሆነ መለየት አይችልም። ስለዚህ የቢሮውን ወደ 192.168.10 ቀየርኩት። ከምድር የመጣውን ኬብል አዲሱ ራውተር ላይ ዋን (የውጭ ወገን) የሚለው መሰኪያ ውስጥ አስገባሁ። ከላን (የውስጥ ወገን) መሰኪያው ደግሞ ወደ ባለ 16ቱ ስዊች። ኮምፒውተሮቹና ፕሪንተሩ ሁሉም በኬብል ስዊቹ ላይ ናቸው። ለፕሪንተሩ የማይቀየር አድራሻ ሰጠሁት፤ አድራሻው በተቀየረ ቁጥር «ፕሪንተሩ ጠፋ» መባሉ እንዲቀር።

የቢሮውን መዝገብ በዋይፋይ እንዳይከፍቱ አሳስቤያለሁ። ፋይሉ በኔትወርክ ተከፍቶ ሳለ ግንኙነቱ ድንገት ከተቋረጠ መዝገቡ ሊበላሽ ይችላል። ለኢንተርኔት ዋይፋይ፣ ለመዝገብ ኬብል።

ላይ ቤት ያለው አክሰስ ፖይንት ቀላል ነበር። አድራሻ አያድልም፣ ኔትወርክ አይከፍልም። በኬብል የመጣለትን ወደ አየር መልቀቅ ብቻ ነው ሥራው። ራውተርን በዚህ ቦታ መጠቀም ለሚፈልግም መንገድ አለው። አድራሻ ማደሉን ያጠፋዋል፤ ኬብሉን ዋን ላይ ሳይሆን ላን ላይ ይሰካል፤ ለራሱም ከዋናው ራውተር ጋር የማይጋጭ አድራሻ ይሰጠዋል። ይህ ካልተደረገ አንድ ቤት ውስጥ ሁለት አዳይ ይኖራል። አንዱ ስልክ ከአንዱ፣ ሌላው ከሌላው አድራሻ ይወስዳል፤ ግማሹ ይሠራል፣ ግማሹ አይሠራም። በየቤቱ ከማያቸው ብልሽቶች ሁሉ አድካሚው ይህ ነው።

አክሰስ ፖይንቱን ኮሪደሩ መሃል ጣሪያ ላይ አሰርነው። ለሱቁና ለቤቱ አንድ ዓይነት ስምና ፓስዎርድ ሰጠሁ፤ ቤተሰቡ ሲወጣና ሲወርድ ስልኩ ራሱ እንዲቀያየር። ቻናላቸውን ለያየሁ፤ ምድር 1፣ ላይ 11። ለሱቁ ደንበኞች ለብቻው የእንግዳ ዋይፋይ ከፈትኩ። ሳሎኑ ውስጥ ስለካ 48 ሲቀነስ። ሙሉው 20 ሜጋቢት ይገባል።

ከዚያ የአጥሩ ፈተና። ከሳሎኑ ስልክ የቢሮውን ኮምፒውተር ፈለግሁ፤ አይገኝም። ከቢሮው የሱቁን ፎቶ ኮፒ ማሽን ፈለግሁ፤ በአድራሻው ይገኛል። ልክ እንደታሰበው። ቢሮው ታች ማሳተም ይችላል፤ ታች ያለው ቢሮውን አያይም።

ቅዳሜ

ጠዋት ተደወለልኝ። ቢሮው ውስጥ ሁሉም ነገር ቆሟል፤ ፕሪንተርም፣ መዝገብም፣ ኢንተርኔትም። ስደርስ የስዊቹ መብራቶች ሁሉ በአንድነት፣ በፍጥነት፣ ሳያርፉ ይንቦገቦጋሉ። ይህን መልክ ያየ ሰው ወዲያው ያውቀዋል። ሉፕ (መልእክት የሚሽከረከርበት ዙር) ነው።

አንድ ሠራተኛ የተንጠለጠለ ኬብል አይቶ የተነቀለ መስሎት መልሶ ሰክቶታል። የኬብሉ ሌላ ጫፍ ግን እዚያው ስዊች ላይ ነበር። ለሁሉም የተላከ መልእክት በአንዱ ጫፍ ወጥቶ በሌላው ይገባል። ስዊቹ እንደ አዲስ ቆጥሮ እንደገና ለሁሉም ይልከዋል። የኢተርኔት መልእክት ዕድሜው የሚቆጠርበት ነገር የለውም፤ ራውተሮች የሚያሳልፉት የአይፒ መልእክት በየራውተሩ ቁጥሩ እየቀነሰ በመጨረሻ ይጣላል፣ ይኸኛው ግን ለዘለዓለም ይዞራል። በሰከንዶች ውስጥ ኔትወርኩ ይሞላል።

ለዚህ መድኃኒቱ ከተገኘ ቆይቷል። ራዲያ ፐርልማን እ.ኤ.አ. በ1985 ያበጀችው ስፓኒንግ ትሪ የሚባል ዘዴ ስዊቾች እርስ በርስ ተነጋግረው ዙር የሚፈጥረውን መንገድ እንዲዘጉ ያደርጋል። ከርካሽ ስዊቾች ብዙዎቹ ግን የላቸውም። ኬብሉን ነቀልኩ፤ ሁሉም ተመለሰ። ከዚያ ትርፍ ኬብሎችን ሰብስበን አነሳን፤ በቀሩት ሁለቱም ጫፍ ላይ ቁጥር ለጠፍን። ቤትና ሱቅ ውስጥ በዚያ ሰዓት ምንም አልተሰማም። ራውተር ለሁሉም የተላከን የውስጥ መልእክት ወደ ሌላ ኔትወርክ ስለማያሳልፍ ጎርፉ ቢሮው ውስጥ ቀረ።

በቀጣዩ ሳምንት

መብራት ሄደ፤ የጠበቅኩት ፈተና ነበር። ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ያለው ክፍተት ነው የሚያሳስበኝ። ቢሮው ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ ሣጥን) ነበረው፤ ነጩ ሣጥን ግን አልነበረውም። ሱቅ ያለው ሣጥን ከጠፋ ላይ ያለው ኮምፒውተር መብራት ቢኖረውም ኢንተርኔት አያገኝም። አሁን ነጩ ሣጥንና ባለ ፒኦኢው ስዊች በአንድ ዩፒኤስ ላይ ናቸው። የላይ ቤቱ አክሰስ ፖይንት ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ከዚያው ስዊች ስለሆነ፣ ላይ ቤት ጨለማ ቢሆንም ዋይፋዩ ይቆያል። ለነጩ ሣጥን ብቻ ቢሆን ባለ 12 ቮልት ትንሹ ዩፒኤስ ይበቃ ነበር፤ ቮልቱና አምፔሩ ከሣጥኑ አዳፕተር ጋር እስከተስማማ ድረስ።

ጄኔሬተሩ ሲነሳ ቮልቱ ይዋዥቃል። ዩፒኤሱ ፊት ስታብላይዘር እንዲገባ አሳስቤያለሁ።

የሁሉንም ሣጥኖች የአስተዳዳሪ ፓስዎርድ ቀይሬ፣ ጽፌ፣ በታሸገ ፖስታ ለሐጂ ልጅ ሰጠኋት። ቁም ሳጥኑ ውስጥ የኬብሎቹን ሥዕል ለጠፍኩ፤ የቱ ከየት እንደሚመጣ። ሀብና ሪፒተሩ ተነቅለው ተቀምጠዋል።

አንድ ሥራ ቀርቷል። ሐጂ ከግቢው ማዶ መጋዘን አላቸው፤ ካሜራ ይፈልጉበታል። ርቀቱ ከመዳብ ኬብል አቅም አያልፍም፤ ቢሆንም መዳብ አልዘረጋም። ሁለት ሕንፃዎች የየራሳቸው የኤሌክትሪክ መሬት (ኧርዝ) አላቸው፤ በመካከላቸው ያለ መዳብ የቮልት ልዩነትን ያሻግራል፣ በአቅራቢያ መብረቅ ሲወድቅ የሚፈጠረውንም ኃይል ይቀበላል። ፋይበር መስታወት ስለሆነ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። በሁለቱም ጫፍ ሚዲያ ኮንቨርተር ይገባና ብርሃኑን መልሶ ወደ ኢተርኔት ይቀይረዋል። መጋዘኑ ውስጥ ደግሞ ለካሜራዎቹ ትንሽ የፒኦኢ ስዊች ይበቃል። ቱቦው የሚቀበርበትን መስመር በኖራ አስምረናል። ቁፋሮውን ሐጂ ዝናቡ ሳይጠና ያስጨርሱታል።